በሰንሰለት የጸናው፥ በኀዘንም የደከመው ሰው፤ የአዶኒራም ጃድሰን ታሪክ

በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የአንድ ወንጌላዊ ሕይወት እንተርካለን። ስሙ አዶኒራም ጃድሰን፥ የትውልድ አገሩ አሜሪካ፥ የሥራውም ቦታ ቡርማ ነበረ፤ ይህችም አገር ዛሬ ምያንማር ትባላለች። ብዙዎች የእርሱን ታሪክ ሲያወሩ ስለ እስራቱና ስለ ሰንሰለቱ፥ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ቡርማ ቋንቋ ስለ መመለሱ ይናገራሉ። በእስራቱና በመጽሐፉ መካከል ያሉትን ሦስት ዓመታት ግን ዘለው ያልፋሉ፤ እነዚያ ዓመታት ለእግዚአብሔር ሰው የማይገቡ መስለው ይታዩአቸዋልና። እኛ ግን ይልቁን ስለ እነዚያ ዓመታት ልንጽፍ ወደድን። በከተማችን ሥራቸውን ሳያጓድሉ፥ ፊታቸውንም ሳያጠቍሩ፥ የሚያቃጥል ነገር በሆዳቸው ይዘው የሚሄዱ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉና። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጃድሰን በ1788 በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ማልደን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበረ፤ ልጁም በዓለም ታላቅ ሰው እንዲሆንለት አጥብቆ ይመኝ ነበር፥ ምኞቱንም ከልጁ አልሸሸገም። ብላቴናው በሦስት ዓመቱ ማንበብን ከእናቱ ተማረ፤ በ1807ም ብራውን ከሚባለው ኮሌጅ ከጓደኞቹ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ወጣ። በተማሪነቱ ጊዜ ግን አንድ ብልህ ጓደኛ ከአባቱ ሃይማኖት አውጥቶት ነበርና፥ እግዚአብሔር ለሰው አይናገርም ወደ ማለት ደረሰ። ከዚያ በኋላ እንደሚተረከው በአንድ የእንግዶች ማደሪያ ቤት ሲያድር፥ በአጠገቡ ካለው ክፍል የሚሞት ሰው ሲያቃስት ሌሊቱን ሁሉ ሰማ፤ ሲነጋም ሟቹ ማን እንደ ሆነ ቢጠይቅ ያ ጓደኛው ሆኖ ተገኘ። በዚህ ደንግጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በ1808ም አንዶቨር በሚባለው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገባ።

በ1812 ፌብርዋሪ 5 ቀን አን ሃሰልታይን የምትባል አስተዋይና ደፋር ልጃገረድ አገባ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቈይተውም በመርከብ ወደ ሕንድ ተነሡ። በመንገድ ሳለ ስለ ጥምቀት ያለው አሳብ ተለውጦ ከላከው ማኅበር ተለየ፤ ይህ ራሱን የቻለ ነገር ስለ ሆነ እዚህ አናወራውም። በሕንድ እንዲቀመጡ ስላልተፈቀደላቸው በ1813 ጁላይ ወር ራንጉን ወደምትባለው የቡርማ ወደብ ደረሱ። የመጀመሪያ ልጃቸው በመርከብ ላይ ሞቶ ተወለደ። በራንጉን የተወለደው ሮጀርም ስምንት ወር ብቻ ኖሮ በ1816 ሞተ። አባትና እናት አብረው አለቀሱለት፤ የአገሩም ሰዎች ለእነዚህ እንግዶች አዝነው ከእነርሱ ጋር ለቀብር ወጡ። ከዚህም በኋላ ጃድሰን ወደ መጻሕፍቱ ተመለሰ። ከቡርማ ሰዎች የመጀመሪያው አማኝ ማውንግ ናው የተጠመቀው በ1819 ነው፤ እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ፍሬ ሳያይ ሠራ ማለት ነው። ትዕግሥቱን ከዚህ መገመት ይቻላል።

በ1824 በእንግሊዝና በቡርማ መንግሥታት መካከል ጦርነት ተነሣ። ጃድሰንና ሚስቱ በዚያን ጊዜ በንጉሡ ከተማ በአቫ ነበሩ። የቡርማ ሹማምንት አሜሪካዊውን ከእንግሊዛዊው አልለዩትም፤ ፈረንጅ ሁሉ ሰላይ ይመስላቸው ነበር። ጁን 8 ቀን ምግብ ቀርቦ ሳለ አንድ ሹም ብዙ ሰዎች አስከትሎ ገባ፤ ከእነርሱም ጋር በፊቱ ላይ የወኅኒ ምልክት የተነቀሰበት ሰው ነበረ። ይህ ሰው ጃድሰንን በምድር ላይ ጥሎ ክንዱን በገመድ አጥብቆ አሰረው። ሚስቱ ገመዱን እንዲያላላለት ገንዘብ ብትሰጠው እንኳ እሺ አላለም። ከዚያም የሞት ወኅኒ ወደሚባለው ቤት ወሰዱት።

በዚያ ቤት መስኮት አልነበረም። በእግሩ ሦስት ጥንድ የእግር ብረት አገቡበት። ሌሊት ሌሊት በእስረኞቹ እግሮች መካከል ረጅም ቀርከሃ እያሳለፉ ቀርከሃውን በገመድ ወደ ላይ ይስቡት ነበርና፥ ትከሻቸውና ራሳቸው ብቻ በመሬት ላይ ይቀር ነበር። አን ነፍሰ ጡር ሳለች ከሹም ደጅ ወደ ሹም ደጅ እየተመላለሰች ደጅ ትጠና፥ ምግብም ይዛ ወደ ወኅኒው ትሄድ ነበር። ባልዋ ብዙ ዓመት የደከመበትን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ጽሑፍ በመጀመሪያ በመሬት ቀበረችው፤ እርጥበቱ እንዳያጠፋው በፈራች ጊዜ ግን በትራስ ውስጥ ሰፋችው። ትራሱንም ጠንካራና አስቀያሚ አድርጋ ስለ ሠራችው ማንም አልተመኘውም፤ ጃድሰንም በወኅኒ ተንተርሶት ይተኛ ነበር። በ1825 ጃንዋሪ ወር ማርያ የምትባል ልጅ ተወለደች። አባቷ መጀመሪያ ያያት በእግር ብረት ታስሮ ሳለ ነው።

በወኅኒው ግቢ የንጉሡ አንበሳ በጎጆ ታስሮ ነበር፤ ምግብ ከልክለውት በረኃብ ሞተ። ጃድሰን በንዳድ በታመመ ጊዜ አን አጥብቃ ለምና ባዶ የቀረውን የአንበሳ ጎጆ አስፈቀደችለት፥ እርሱም በዚያ ተኛ። ያ ጎጆ ከወኅኒው ይልቅ ተሻለው። በሜይ ወር 1825 እስረኞቹን በቀትር ፀሐይ በባዶ እግራቸው ኡንግፔንላ ወደሚባል ቦታ ነዱአቸው፤ አንድ ግሪካዊ በዚያ መንገድ ሞተ። የጃድሰን እግር ተልጦ ደም ባፈሰሰ ጊዜ አንድ የሕንድ አገር አሽከር የራሱን ጥምጥም ቀድዶ ለሁለት ተካፈሉ፥ እግራቸውንም ጠቀለሉበት። አን ሕፃንዋን ታቅፋ ተከተለችው። በዚያ ስትታመምና ጡትዋ ሲደርቅ ጃድሰን ከጠባቂዎቹ ፈቃድ እየተቀበለ፥ የእግር ብረቱ ሳይወልቅለት፥ ልጁን አቅፎ በመንደሩ የሚያጠቡ እናቶችን ወተት ይለምን ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር የቡርማ መንግሥት ለዕርቁ ንግግር አስተርጓሚ ስለ ፈለገ ከዚያ አወጣው፤ በ1826 ፌብርዋሪ ወርም ጦርነቱ በያንዳቦ ውል ተፈጸመ።

ትራሱ ምን ሆነ ትል ይሆናል፤ እስረኞቹን ባዛወሩ ቀን ጠባቂዎቹ ጣሉት። ማውንግ ኢንግ የሚባል አማኝ የመምህሩ መታሰቢያ ይሁነኝ ብሎ አነሣው፤ ብዙ ወራት ካለፈ በኋላም ጽሑፉ ሳይበላሽ በውስጡ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ እንዴት ቻለው? ሕመሙ ስላልተሰማው አይደለም። ጃድሰን ንጽሕናን እጅግ የሚወድ ሰው ስለ ነበረ የወኅኒው እድፍና ሽታ ከብረቱ ያላነሰ ያሠቃየው ነበር። ነገር ግን በዚያ ሥቃዩን ከማንም መሰወር አላስፈለገውም። ከጎኑ የታሰሩት ሰዎች ያንኑ ብረት ተሸክመዋል፤ ሚስቱ ቍስሉን ታያለች፤ ሲታመም ታመምሁ ብሎ በአንበሳ ጎጆ ይተኛል፤ እግሩ ሲደማ የባልንጀራውን ጨርቅ ይቀበላል፤ ለልጁ ወተት ሲያጣ በባዕድ ደጅ ይለምናል። የጸና ሰው ይህ ነው። ጽናቱ የተሠራው ከራሱ ኃይል ብቻ ሳይሆን ከጥምጥሙ እኩሌታ፥ ከማታውቀው እናት ወተትና በየቀኑ ከምትመላለሰው ሚስቱ ነበረ።

በአማርኛችን መቻል የሚለው ቃል ሁለት ነገር መያዙን ብዙ ጊዜ አስተውያለሁ፤ ሸክምን ማንሣት መቻል ነው፥ ሸክም እንደሌለ ሆኖ ዝም ማለትም መቻል ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የሚከተለው ታሪክ ይህን ያሳያል።

ከጦርነቱ በኋላ ጃድሰን ቤተ ሰቡን እንግሊዞች በያዙት ባሕር ዳርቻ አምኸርስት በምትባል አዲስ ከተማ አስቀመጠ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መልእክተኛ ስለ ንግድ ውል ወደ አቫ ሲሄድ አስተርጓሚ እንዲሆንለት ለመነው። ጃድሰን አልወደደም ነበር፤ ነገር ግን በውሉ ውስጥ የሃይማኖት ነጻነት እንዲጻፍ ይሞከራል ስለ ተባለ ሄደ። ያ ነገር አልተጻፈም። እርሱ በአቫ ሳለ አን በንዳድ ታማ በ1826 ኦክቶበር 24 ቀን ሞተች፤ ዕድሜዋም 36 ነበረ። ከአንድ ወር በኋላ ጥቍር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣለት፤ ያመጣውም ሰው ሕፃንዋ እንደ ሞተች ነገረው። ጃድሰን በክፍሉ ብቻውን ሆኖ ስለ ልጁ እያዘነ ከፈተው፤ የሞተችው ግን ሚስቱ ነበረች። በ1827 ጃንዋሪ ወር ወደ አምኸርስት በተመለሰ ጊዜ ቀብሩ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ትንሽዋ ማርያም አባቷን ስላላወቀችው ፈርታ ፊቷን አዞረች። እርስዋም በአፕሪል 24 ቀን ሞታ በእናትዋ አጠገብ ተቀበረች። የአባቱም መርዶ ከአሜሪካ መጣለት።

እንግዲህ ጃድሰን ምን አደረገ? ሥራውን ቀጠለ። ተረጐመ፥ ሰበከ፥ በ1827 መጨረሻም ሞልሜን ወደምትባለው ከተማ ተዛወረ። ከሩቅ ያየው ሰው እምነቱ እንዴት ጽኑ ነው ብሎ ያደንቀው ነበር። ከዚያም ቀስ በቀስ ከራሱ ላይ አንድ አንድ ነገር ይቈርጥ ጀመረ። ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለሚስዮኑ ሰጠ፤ ደመወዙም እንዲቀነስ ጠየቀ። ብራውን ኮሌጅ በ1823 የሰጠውን የዶክተርነት ማዕርግ በ1828 መለሰ። በአሜሪካ ላሉ ዘመዶቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች እንዲቃጠሉ ለመነ። ከሰው ጋር ለማዕድ መቀመጥን ተወ። ወደ ቡርማ ያመጣኝ ለእግዚአብሔር ያለኝ ፍቅር ነውን ወይስ ታላቅ ሰው ለመባል ያለኝ ምኞት እያለ ልቡን ይመረምር ነበር፤ የአባቱ የድሮ ምኞት በዚህ ጊዜ እንደ እሾኽ ወጋው።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ብቻ ለይቶ የሚያይ ሰው ትሕትና ነው ይላል፤ እኔም ገንዘቡን መስጠቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ሁሉን በአንድነት ስናይ ሌላ ነገር ይታያል። የሚያለቅስ ሰው ማልቀስን ለራሱ ከከለከለ ልቅሶው አይጠፋም፤ በሌላ በር ይወጣል። ጃድሰን ኀዘኑን ኀዘን ብሎ አልጠራውም፤ ኃጢአት ብሎ ጠራው፤ እንደ ኃጢአትም ሊገርፈው ተነሣ።

በ1828 ኦክቶበር ወር፥ አን ከሞተች ልክ ሁለት ዓመት ሲሆን፥ ከከተማው ወጥቶ በጫካ ዳር ትንሽ ጎጆ ሠርቶ ብቻውን ተቀመጠ። በጎጆው አጠገብ መቃብር ቈፈረ፤ በመቃብሩም አፍ ተቀምጦ ሥጋው እንዴት እንደሚበሰብስ ያሰላስል ነበር። አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ሩዝ ይዞ ነብር ወዳለበት ጥልቅ ጫካ እየገባ ብዙ ቀን ይቀመጥ ነበር። በ1829 ኦክቶበር 24 ቀን፥ በሦስተኛው ዓመት መታሰቢያ፥ በጻፈው ደብዳቤ እግዚአብሔር ለእርሱ የማይታወቅ እንደ ሆነበት፥ መኖሩን እንደሚያምን ነገር ግን ሊያገኘው እንዳልቻለ ገለጠ። አስተውል፤ አምስት ሰንሰለት እንኳ በእግሩ በነበረ ጊዜ ጃድሰን እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈም።

የገዳም ኑሮንና ጾምን የምንነቅፍ እንዳይመስል እዚህ ላይ አንድ ቃል እንጨምራለን። ጌታችንም ወደ ምድረ በዳ ወጥቶአል። ነገር ግን እግዚአብሔርን ለመፈለግ ወደ ምድረ በዳ የሚወጣ ሰውና ከራሱ እንባ ሸሽቶ የሚወጣ ሰው በአንድ መንገድ ቢሄዱም አንድ ቦታ አይደርሱም። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር በመጀመሪያ ያደረገለት ምን እንደ ሆነ በአንደኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ተመልከት፤ አልገሠጸውም፥ አስተኛው፥ አበላው፥ ደግሞም አስተኛው። ክርስቶስም ሊያስነሣው ባለው በአልዓዛር መቃብር አለቀሰ፤ በጌቴሴማኒም ነፍሱ ባዘነች ጊዜ ሐዋርያቱን ከእርሱ ጋር እንዲነቁ ለመናቸው። የእግዚአብሔር ልጅ ብቻዬን ልቻለው ካላለ፥ እኛ ከየት አመጣነው?

በአገራችን ሰው ሲሞትበት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ኀዘንተኛው ሳያለቅስ ቢቀር እንኳ አልቃሽዋ ስለ እርሱ ታለቅሳለች። የልቅሶው ሥርዓት አንዳንዴ ከመጠን እንደሚያልፍ እናውቃለን፤ በፊት መንጨትና በደረት መድቃት ብዙ ሰው ተጐድቶአል። ቢሆንም ጃድሰን በጥቍር ማኅተም የታተመውን ደብዳቤ በባዕድ ከተማ ብቻውን በከፈተ ጊዜ እንዲህ ያለ ድንኳን አላገኘም። ለሮጀር ግን አግኝቶ ነበር፤ ከሮጀርም በኋላ መቃብር አልቈፈረም። ዛሬ በከተማ የተማርን ሰዎች ልቅሶ ለማይማር ነው እያልን ኀዘንተኛውን በሁለተኛው ቀን ወደ ቢሮው ስንልከው፥ በእግዚአብሔር የሚያምን አያለቅስም ብለንም በትከሻው ላይ መታ መታ ስናደርገው፥ ጃድሰን በራሱ ላይ ያደረገውን በወንድማችን ላይ እናደርጋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተናል፤ የሚያስደብቀው ሰውስ ምን ይባል?

ጃድሰን ከዚያ ጨለማ በአንድ ቀን አልወጣም። እንዴት እንደ ወጣም በአንድ ቃል ለመናገር አይቻልም፤ ዛሬ ሐኪሞች እንዲህ ላለው ደዌ ስምና መድኃኒት አላቸው፥ በዚያን ጊዜ ግን አልነበረም። የምናውቀው ይህ ነው። የሞልሜን አማኞችና የሥራ ባልደረቦቹ አልተዉትም፤ ጸለዩለት። መጽሐፍ የመተርጐሙን ሥራ ጨርሶ አልጣለውም፤ መዝሙረ ዳዊትን በእነዚህ ዓመታት ተረጐመ፤ ከመዝሙሮቹም ብዙዎቹ የሚጮኹና የሚያጕረመርሙ ስለ ሆኑ፥ ራሱ ሊናገረው ያልደፈረውን በባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል ሊጽፈው ግድ ሆነበት ብዬ አስባለሁ። በ1830 ቤኔት የሚባል አታሚ የማተሚያ መኪና ይዞ ወደ ሞልሜን መጣ። በዚያው ዓመት ጃድሰን ተነሥቶ በወንዙ ወደ ፕሮም ወጣ፥ ከሰውም ጋር ቀኑን ሁሉ ይነጋገር ጀመረ። በ1831ም በራንጉን በሽዌዳጎን ታላቅ በዓል ጊዜ ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ስለ ዘላለም አምላክ የሚናገረውን ጽሑፍ ስጠን እያሉ ወደ ቤቱ ጐረፉ፤ ለጠየቀው ብቻ እየሰጠ ዐሥር ሺህ ያህል ትንንሽ ጽሑፎች አደለ። በመቃብር አፍ ላይ ይቀመጥ የነበረው ሰው በዚያ ሰሞን ከጠያቂ ብዛት የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረውም።

በዚያው በ1831 ቦርድማን የሚባል ወጣት ሚስዮናዊ ሞቶ ሚስቱ ሣራ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻዋን ቀረች። ጃድሰን የጻፈላት የማጽናኛ ደብዳቤ ይገኛል። እንዳታለቅስ አልነገራትም። ይህ ጽዋ እርስዋ ከጠበቀችው ይልቅ መራራ እንደ ሆነ፥ አተላውንም እርሱ እንደሚያውቀው አስታውቆ፥ ጽዋውን ወደ ጎን እንዳትገፋው፥ በሁለት እጅዋ ይዛ ተቀምጣ እንድትጠጣው፥ ከበታቹም ጣፋጭነት እንደምታገኝ መከራት። ይህን ምክር የሰጠው ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ያንኑ ጽዋ ሳይጠጣ ሊያፈስሰው የታገለ ሰው ነው። ምክሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለው ሣራ ታውቅ ነበር።

ሥጋን ስለ መናቅ የነበረው አሳቡም ተለወጠ። በ1832 ሚስዮናውያን ሊሆኑ ላሰቡ የአሜሪካ ተማሪዎች በላከው ምክር ስንፍናን ተጠንቅቀው ሥጋቸውን በእንቅስቃሴ እንዲያለማምዱ አጥብቆ አዘዘ፤ በምሥራቅ ካሉት አውሮፓውያን ብዙዎቹ የሚታመሙትና ያለ ጊዜአቸው የሚሞቱት ይህን በመናቃቸው ነው ብሎ ነበር። እርሱ ራሱ ማለዳ ማለዳ ፈጥኖ የመራመድ ልማድ ነበረው። ከካረን ሕዝብ መካከልም በእግሩ እየዞረ አስተማረ፥ ብዙዎችንም አጠመቀ። ከዚያም ቤቱን ዘግቶ በየቀኑ የተወሰነ ቍጥር እየተረጐመ፥ በ1834 ጃንዋሪ 31 ቀን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ቡርማ ቋንቋ መልሶ ፈጸመ፤ የመጨረሻውንም ገጽ በእጁ ይዞ ተንበረከከ። በአፕሪል ወር ሣራን አገባ። ሣራ የቡርማን ቋንቋ አጥርታ የምታውቅ ሴት ነበረች፤ የዮሐንስ ቡንያንን የክርስቲያን መንገደኛ ጉዞም በዚያ ቋንቋ የተረጐመች እርስዋ ናት።

ዐሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ፤ ስምንት ልጆችም ወለዱ። በ1845 ሣራ በጽኑ ታመመች፤ ጃድሰን ከሦስቱ ትልልቅ ልጆች ጋር ይዞአት ወደ አሜሪካ ተነሣ፥ ሦስቱንም ትንንሾች በቡርማ ተዋቸው። ሣራ በሴፕቴምበር 1 ቀን በቅድስት ሄለና ደሴት ወደብ ሞተች፥ በደሴቲቱም ተቀበረች። መርከቡ በዚያው ማታ ጕዞውን ቀጠለ። በቡርማ ከቀሩት ሕፃናት አንዱ ቻርልስ ከእናቱ በፊት ሞቶ ነበር፤ አባቱ ግን ያን ገና አልሰማም።

በሰው ግምት ይህ ሁለተኛው ኀዘን ከፊተኛው አያንስም ነበር፤ ጃድሰንም በዚያን ጊዜ 57 ዓመት ሆኖት ነበር፥ ጕሮሮውም ታሞ ድምፁ ተዘግቶበት ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ጊዜ ወደ ጫካ አልሄደም። በመርከቡ ክፍል ከልጆቹ ጋር አለቀሰ፤ ልጆቹ ሊያጽናኑት መጡ፥ እርሱም ተቀበላቸው። ቦስተን በደረሰ ጊዜ በየጉባኤው በሹክሹክታ ይናገራል፥ ሌላ ሰውም ከጎኑ ቆሞ ቃሉን ከፍ አድርጎ ለሕዝብ ይደግማል። ድምፄ ደክሞአልና እርዱኝ ማለት በሺህ ሰው ፊት አላሳፈረውም። የሣራን ሕይወት የሚጽፍለት ሰው ፈልጎ ኤሚሊ ቻብክ ለምትባል ደራሲት ስለ እርስዋ አወራላት፤ በዚህ ምክንያት ተዋወቁ፥ በ1846 ጁን ወርም ተጋቡ። ወጣት ልብ ወለድ ጸሐፊ ስለ ነበረች ብዙ ሰዎች በጋብቻቸው ቀልደዋል፤ ጃድሰን ግን ግድ አልነበረውም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሞልሜን ተመለሱ። ጃድሰን መዝገበ ቃላቱን ይሠራ ጀመረ፤ ከእንግሊዝኛ ወደ ቡርማ የሚመልሰውን ክፍል በ1849 ፈጸመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ብርድ ይዞት ታመመ፤ የባሕር ነፋስ ይሻለዋል ተብሎ በ1850 አፕሪል ወር በፈረንሳይ መርከብ ላይ አሳፈሩት። ኤሚሊ ለመውለድ ተቃርባ ስለ ነበረች ልትከተለው አልቻለችም። በአፕሪል 12 ቀን ከብዙ ሥቃይ በኋላ ሞተ፥ በዚያውም ማታ በባሕር ተቀበረ። ከዐሥር ቀን በኋላ ኤሚሊ ሞቶ የተወለደ ወንድ ልጅ ወለደች፤ የባልዋን መርዶ ግን የሰማችው ከአራት ወር ያህል በኋላ ነበረ።

ኤሚሊ ወደ አሜሪካ ተመለሰች። ጃድሰን በኀዘኑ ዘመን እንዲጠፉ ካዘዛቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በእውነት ጠፍተው ነበር። የተረፉትን ከወዳጆችና ከዘመዶች ዘንድ ሰብስባ ለፍራንሲስ ዌይላንድ ሰጠችው፤ እርሱም ማዕርጉን የመለሰለት የብራውን ኮሌጅ አለቃ ነበረ። የሕይወቱ ታሪክ በ1853 ታተመ፤ ስለ ጎጆውና ስለ መቃብሩም የሚናገረው ክፍል አልተደበቀም።